ቀኔ አልፏል ምጡ ግን የለም፣ በተፈጥሮ መንገድ ያስጀመራችሁ እስቲ ንገሩኝ

ሊሊ_ሐምራዊ
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ ስልኬ ላይ ያለው አፕ እንደሚለው ነገ 41 ሳምንት ይሞላኛል፣ ምጥ የሚባል ነገር ግን ዝር አላለም። ማታ ማታ ሆዴ ድንጋይ ይሆንና በቃ መጣ ብዬ ሰዓት መያዝ ስጀምር ጭራሽ ይጠፋል። እግሬ አብጦ ጫማ አይገባልኝም፣ ወገቤን ተዉት፣ ከእንቅልፍ ጋር ከተለያየን ቆይተናል። ከሁሉም በላይ ያስመረረኝ ግን ስልክ ነው፣ "ወለድሽ እንዴ?" "እስካሁን?" "ምነው ቆየ?" ሰው ሁሉ ሆን ብዬ የያዝኩት ነው የሚመስለው። የምከታተልበት ቦታ በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልመጣ በመድኃኒት እናስጀምርሻለን ብለውኛል፣ እኔ ደግሞ የመድኃኒት ምጥ ከተፈጥሮው ይከፋል ሲባል ስለሰማሁ ፈርቻለሁ። ቴምር ብዪ፣ አናናስ ብዪ፣ የጉሎ ዘይት ጠጪ፣ የሚያቃጥል ነገር ብዪ፣ ደረጃ ውጪ፣ ከባልሽ ጋር ተኚ... ሁሉም የየራሱን ይላል። በእውነት የሚሠራው የቱ ነው? የሞከራችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

እናት_ነኝ_በቃ
አይዞሽ ውዴ፣ ሆድ ውስጥ የቀረ ልጅ የለም 😄 እኔ በሁለተኛው ላይ አናናስ ጥርግ አድርጌ በልቼ በነጋታው ነው የወለድኩት። ትኩሱን ነው ታዲያ፣ የታሸገው አይሠራም ይላሉ። ከዛ ደረጃ ወጣ ወረድ በይ፣ ዝም ብለሽ አትቀመጪ።

ቆፍጣናው
ይቅርታ ግን ይሄ "በልቼ በነጋታው ወለድኩ" የሚባል ነገር ማስረጃ አይሆንም። 40 ሳምንት ያለፋት ሴት ምንም ትብላ ምን፣ ወይ በነጋታው ወይ በሳምንቱ መውለዷ አይቀርም እኮ። ያን ቀን ደረቅ ዳቦ በልተሽ ቢሆን ዳቦ ያስወልዳል ልትይን ነበር። አናናስ ውስጥ ብሮሜሊን የሚባል ኢንዛይም አለ፣ የማህፀን በር ያለሰልሳል የሚባለው በሱ ነው፣ ነገር ግን በአፍ የገባ ኢንዛይም አብዛኛው እዛው ጨጓራ ውስጥ ይፈርሳል። ብዙ የበላ ሰው የሚያተርፈው ቃርና ተቅማጥ ነው። የሚያቃጥል ምግብም ያው ነው፣ ሆድ ይረብሻል እንጂ ምጥ እንደሚያመጣ ያሳየ የለም።

እናት_ነኝ_በቃ
ቆፍጣናው አንተ ወልደህ ታውቃለህ? 😂 ትንሽ ተስፋ ብንሰጣት ምን ይጎዳል

ቆፍጣናው
አናናሱ አይጎዳም ትብላ። የጉሎ ዘይት የሚሉ ስለመጡ ነው የፈራሁት።

አዋላጇ
ሰላም ሊሊ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ማዋለጃ ክፍል ነው የምሠራው። ወደ ቴምሩም ወደ ጉሎ ዘይቱም እመለስበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ይሄን 41 ሳምንት ያገኘሽው ከየት ነው? ከአፑ ነው ከአልትራሳውንድ? አፑ የሚያደርገው የመጨረሻ ፔሬድሽ ከጀመረበት ቀን ተነስቶ 280 ቀን መቁጠር ብቻ ነው፣ ያውም ፔሬድሽ በየ28 ቀኑ ይመጣል፣ እንቁላልም በ14ኛው ቀን ይወጣል ብሎ አስቦ። ፔሬድሽ በየ35 ቀኑ የሚመጣ ከሆነ እንቁላሉ የሚወጣው ሳምንት ዘግይቶ ነው፣ ያኔ አፑ ልጁ ሳይፀነስ አንድ ሳምንት ቆጥሮብሻል ማለት ነው። "ቀኔ አለፈ" ብለው ከሚመጡት ውስጥ ቀናቸው ያላለፈ ብዙ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሳሽው አልትራሳውንድ ካለ ፈልጊውና ምን እንደሚል ንገሪኝ።

ሊሊ_ሐምራዊ
ውይ ፔሬዴ እኮ ሁሌም ይዘገያል፣ 35ም ከዛም በላይ ይሆናል። ፋይሌን ሁሉ ገልብጬ አገኘሁት፣ በአፑ ልክ 11 ሳምንት የሞላኝ ቀን የተነሳሁት ወረቀት ላይ 9 ሳምንት ከ6 ቀን ይላል። ያኔ ማንም ምንም አላለኝም እኔም አላየሁትም። ስምንተኛ ወሬ ላይ የተነሳሁት ደግሞ ሌላ ቀን ነው የሚለው፣ እሱ ከአፑም ይቀድማል። የቱን ልመን?

አዋላጇ
የመጀመሪያውን። በዛ ዕድሜ ሁሉም ፅንስ ማለት ይቻላል እኩል ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ ከራስ እስከ መቀመጫ ያለውን ርዝመት ለክተው የሚያወጡት ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ አይሳሳትም። በመጨረሻዎቹ ወራት ግን አንዱ ልጅ ወፍራም ሌላው ቀጭን ነው፣ በመጠን ብቻ ዕድሜ ለመገመት ሲሞከር እስከ ሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል። የስምንተኛ ወሩ ወረቀት ልጁ ደህና ማደጉን ለማየት እንጂ ቀን ለማውጣት አይሆንም።

በዛ ዕድሜ ላይ በፔሬዱና በአልትራሳውንዱ መካከል ያለው ልዩነት ከ7 ቀን ከበለጠ የሚያዘው አልትራሳውንዱ ነው። ያንቺ 8 ቀን ነው። በዚህ ሂሳብ ነገ 39 ሳምንት ከ6 ቀን ነሽ እንጂ 41 አይደለሽም፣ ገና 40ም አልሞላሽም። ግን እኔ እዚህ ስላልኩሽ ብለሽ ቀጠሮ እንዳትቀሪ፣ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂና "ቀኔ በየትኛው ነው የተሰላው?" ብለሽ ጠይቂ፣ ካርድሽ ላይ ያስተካክሉልሽ። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ፣ የተቆረጠላቸው ቀን ላይ የሚወለዱት ከ100 ልጅ አራት ወይ አምስት ቢሆኑ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ ማለፍ ይወዳል።

ሊሊ_ሐምራዊ
እያለቀስኩ እየሳቅኩ ነው። ለሚደውሉት ሁሉ ገና ነኝ ልበላቸው በቃ። ግን አልዋሽሽም ድካሙ ያው ነው፣ ምንም ባይሠራም የሆነ ነገር መሞከር እፈልጋለሁ።

ዝምተኛው_አባት
እኔ ደግሞ ስለ "ከባልሽ ጋር ተኚ" ልናገር፣ ለሁሉም ስላልተነገረን ነው። ባለቤቴ የመጨረሻው ሳምንት ላይ እያለቀሰች መተኛት እንኳ በማትችልበት ሰዓት ዘመድ ሁሉ ጆሮዬ ላይ ይህንን ይሾካሾካል። አንብቤ አገኘሁት፣ የወንድ ዘር ፈሳሽ ውስጥ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር እውነትም አለ፣ መጀመሪያ የተገኘውም እዛው ፈሳሽ ውስጥ ነው፣ ሐኪም ቤት ማህፀን በር ለማለስለስ የሚጠቀሙትም ከዛው ቤተሰብ ነው። ግን መጠኑ አይገናኝም። ማሌዥያ ውስጥ ሴቶቹን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ግንኙነት አድርጉ ብለው መክረው ሌሎቹን ሳይመክሩ አይተዋቸዋል፣ ምጥ በጀመረበት ጊዜ ላይ ልዩነት አልመጣም። ስለዚህ ደስ ካላት ታድርግ ካላላት በመድኃኒት ስም አታስጨንቋት ነው የምለው። ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ወይም እንግዴ ልጁ ማህፀን በር ላይ ከተኛ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ቡኒ_ድመት
ስለ ጉሎ ዘይት የጠየቃችሁ እኔን ስሙኝ። በጭማቂ በጥብጬ ነው የጠጣሁት፣ ሽታው ሳይሆን ያ ከንፈር ላይ የሚቀረው ቅባት ነው እስካሁን ትዝ የሚለኝ። ሁለት ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ማቅለሽለሽ፣ ከዛ ሽንት ቤት፣ ከዛ እንደገና ሽንት ቤት፣ ሆዴ ይጠብቃል ይለቃል ግን አንጀቴ ይሁን ማህፀኔ መለየት አልቻልኩም። ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ ተደግፌ አደርኩ፣ ሲነጋ ከንፈሬ ደርቆ ልቤ እየመታ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ፣ ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ ማህፀን በሬን ሲያዩት ዝግ ነው። ምን ወስደሽ ነው ሲሉኝ መጀመሪያ አፍሬ ዝም አልኩ፣ ከዛ ስናገር አንዷ ነርስ ሌሎቹን ጠርታ ሳቀችብኝ፣ የጎዳኝ እሱ ነው። ምጡ የመጣው ከዛ ሁሉ በኋላ ከቀናት ቆይቶ ነው፣ ያውም በራሱ።

አዋላጇ
ቡኒ_ድመት ያ መሳቅ ነውር ነው፣ ሴቷ ምን እንደወሰደች ካልነገረችን እኛው ነን የምንሳሳተው። ሁላችሁም የወሰዳችሁት ነገር ካለ ሳታፍሩ ተናገሩ፣ የባህል መድኃኒትም ይሁን ሻይም ይሁን።

የጉሎ ዘይት ዝም ብሎ ተረት አይደለም፣ ከጥንት ግብፅ ጀምሮ ለምጥ ይሰጥ ነበር። ውስጡ ያለው ሪሲኖሌይክ አሲድ አንጀትንም ማህፀንንም የሚያኮማትር የሴል መቀበያ ላይ እንደሚሠራ በፈረንጆቹ 2012 በአይጥ ላይ ታይቷል፣ ለዚህ ነው ሁለቱንም ባንድ ላይ የሚያናውጠው። በሰው ላይ የተሠሩት ሙከራዎች ግን ትንንሽ ናቸው፣ ባንዳንዶቹ ትንሽ ሠርቷል ባንዳንዶቹ የለም። የሚያስማማቸው ነገር ቢኖር ማቅለሽለሹ ነው። ችግሩ ቤት ውስጥ ከተጠጣ በኋላ መጠኑን የሚቀንስልሽ፣ የልጁን ልብ ምት የሚያዳምጥልሽ ሰው የለም። እኛ ጋ በግሉኮስ የሚሰጠው የምጥ መድኃኒት ኦክሲቶሲን በዝቶ ማህፀን ያለ እረፍት ሲኮማተር እንዘጋዋለን፣ ሆድ ውስጥ የገባ ዘይት ግን አይዘጋም። የምጥ ማፋጠኛ የሚባሉ ቅጠላ ቅጠሎችም ላይ የምለው ይህንኑ ነው፣ እንደውም ይብሳሉ፣ ምን ያህል እንደሆነ ቀጂዋም አታውቀው።

ሊሊ_ሐምራዊ
የጉሎ ዘይቱን ከዝርዝሬ ሰረዝኩት። ቴምሩስ? ኪሎ ገዝቼ አስቀምጫለሁ 🙈

አዋላጇ
ቴምር ከምግቦቹ ሁሉ የተሻለ ወሬ ያለው ነው። ዮርዳኖስ ውስጥ የተሠራ በ2011 የወጣ ጥናት አለ፣ 69 ሴቶች በቀን 6 ፍሬ ከቀናቸው በፊት ለ4 ሳምንት በልተዋል፣ 45 ደግሞ አልበሉም። የበሉት ሐኪም ቤት ሲደርሱ ማህፀን በራቸው በአማካይ 3 ሴንቲ ተኩል ተከፍቶ ነበር፣ ያልበሉት 2 ሴንቲ። ምጥ በራሱ የጀመረላቸው ከበሉት 96 ፐርሰንት ካልበሉት 79 ፐርሰንት ናቸው። ደስ የሚል ቁጥር ነው ግን በዕጣ የተከፋፈሉ አልነበሩም፣ ሴቶቹም ጥቂት ናቸው። ልብ በይ ደግሞ፣ ከ36ኛው ሳምንት ጀምረው ነው፣ ቀን ካለፈ በኋላ ባንድ ቀን ኪሎ ሙሉ የበላችን ሴት ማንም አላጠናም 😄 ስኳር ከሌለብሽ ብዪ፣ በእርግዝና የመጣ ስኳር ያለባት ግን ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምር።

ነቄ
እኔ የማይገባኝ ለምንድነው ሁሉም ነገር ጥናት ጥናት የሚባለው፣ ድሮ እናቶች ያለ ሐኪም አልወለዱም? ልጁ ሲበስል ይመጣል። ሐኪሞቹ ምጥ በመድኃኒት ያስጀምሩና ከዛ አልከፈት አለ ብለው ወደ ኦፕራሲዮን ይወስዷታል፣ ጨዋታው እንዲህ ነው። ሊሊ ዝም ብለሽ ጠብቂ።

ቆፍጣናው
ነቄ ድሮ የወለዱትን ነው የምታየው፣ ያልተረፉትን ማን ይቆጥራል። ኦፕራሲዮን ያበዛል የሚለው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከ6,000 በላይ የመጀመሪያ ልጅ የሚወልዱ ጤነኛ ሴቶች ላይ ተሞክሮ በ2018 ወጥቷል፣ በ39 ሳምንት ምጥ ያስጀመሩላቸው በኦፕራሲዮን የወለዱት 18.6 ፐርሰንት፣ የጠበቁት 22.2 ፐርሰንት። አልጨመረም፣ እንዲያውም ቀነሰ።

አዋላጇ
ነቄ የምትለው ነገር ጨርሶ ከአየር ላይ አልመጣም፣ ማህፀን በሩ ሳይዘጋጅ፣ ትዕግሥት በሌለበት ቦታ፣ ሳይለሰልስ ግሉኮስ ሰቅለው አንድ ቀን እንኳን ሳይጠብቁ "አልተሳካም" የሚሉ አሉ፣ አይቻለሁ። ግን "ዝም ብለሽ ጠብቂ" የሚለውን ምክር እባክህ አትስጥ። ስዊድን ውስጥ 41 ሳምንት የሞላቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ወዲያው ለማስጀመር ሌሎቹን እስከ 42 ለመጠበቅ ሞክረው ነበር፣ 2019 ላይ ነው የወጣው። ሙከራውን ሳይጨርሱ አቋረጡት፣ ከጠበቁት ወገን 6 ልጆች ሞቱ ከሌላው ወገን ግን አንድም አልሞተም። ሴቶቹ በጠቅላላው ወደ 2,760 ነበሩ፣ ስለዚህ አብዛኞቹ በሰላም ነው የወለዱት፣ ማንንም ለማስደንገጥ አይደለም። ግን ካለፈ በኋላ እንግዴ ልጁ አቅሙ እየቀነሰ የእንሽርት ውሃውም እያነሰ ይሄዳል፣ ልጁ ሆድ ውስጥ ካካ የማድረግ ዕድሉም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅትም 41 ሳምንት መሙላቷ በእርግጠኝነት የታወቀ ሴት ምጥ እንዲጀመርላት ይመክራል፣ ከ41 በፊት ሌላ ችግር ከሌለ አያስፈልግም ይላል። ሁሉም ነገር ቀኑ ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

ቢጫ_ጃንጥላ
ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ይቅርታ ሊሊ ቦታሽን ልጋራ። እኔ ቀኔ የታወቀ ነው፣ ሕክምና ረድቶኝ ስለሆነ ያረገዝኩት ቀኑን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ 41 ከ4 ቀን ላይ ነኝ። ጡት ጫፍ ማነካካት ይሠራል ሲሉ ሰምቻለሁ እሱን ልሞክር ብዬ ነው የመጣሁት። ሌላው ደግሞ ከትናንት ማታ ጀምሮ እንቅስቃሴው ቀነስ ብሏል፣ ሊወለድ ሲል ቦታ ስለሚጠበው ይረጋጋል ይላሉ አይደል?

አዋላጇ
ቢጫ_ጃንጥላ አይደለም! ቦታ ስለጠበበው ይቀንሳል የሚባለው ውሸት ነው። ዓይነቱ ይቀየር ይሆናል፣ ከርግጫ ይልቅ መንፏቀቅና መገላበጥ ይሆናል እንጂ እስከ ምጡ ድረስ መጠኑ መቀነስ የለበትም። ምንም ነገር አትሞክሪ፣ ጣፋጭ ጠጥቼ ቀዝቃዛ ጠጥቼ ልየው አትበይ፣ ነገ ጠዋት አትበይ፣ አሁን ተነሺና ሂጂ። ቤት ውስጥ የልብ ምት መስሚያ ቢኖርሽም በሱ ተረጋግተሽ አትቅሪ፣ ልብ መምታቱ ብቻ ልጁ ደህና ነው ማለት አይደለም። ደርሰሽ "እንቅስቃሴ ቀንሷል 41 ከ4 ነኝ" በያቸው፣ እነዚህን ቃላት ሲሰሙ ወረፋ አያስጠብቁሽም፣ ቢያስጠብቁሽ ደግሞ ደግመሽ በያቸው።

እናት_ነኝ_በቃ
እህቴ አሁኑኑ ሂጂ፣ ሻንጣውን ተዪው ያመጡልሻል። ስትደርሺ ንገሪን።

ዝምተኛው_አባት
ባልሽ አጠገብሽ ካለ ስልኩን ስጪውና ይህንን ያንብበው።

ቢጫ_ጃንጥላ
ደርሰናል። ሆዴ ላይ ቀበቶ አስረው የልብ ምቱን በወረቀት እያዩ ነው፣ ደህና ነው ብለዋል ግን በአልትራሳውንድ የእንሽርት ውሃው ማነሱን አይተዋል፣ አስተኝተውኝ ዛሬውኑ ሊያስጀምሩኝ ነው። ማህፀን በሬ ገና ስለሆነ ባሉን ነው የሚያስገቡልኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

አዋላጇ
ተመስገን። አትፍሪ፣ ባሉኑ መድኃኒት የለውም። ቀጭን ቱቦ ናት፣ ማህፀን በር ውስጥ ያሳልፏትና ጫፏ ላይ ያለችውን ፊኛ በንጹህ ፈሳሽ ይሞሏታል፣ ክብደቷ እየተጫነ በሩን ቀስ እያለ ይከፍተዋል፣ ሦስት አራት ሴንቲ ሲደርስ ራሷ ትወድቃለች። ስትገባ እንደ ፔሬድ ቁርጠት ነው የሚሰማሽ። ከዛ በኋላ ውሃውን ይከፍቱ ይሆናል ወይ ኦክሲቶሲን በግሉኮስ ይጀምሩልሽ ይሆናል፣ ኦክሲቶሲን ሰውነትሽ ራሱ የሚሠራው ሆርሞን ነው፣ ልዩነቱ በዝግታ ሳይሆን ፈጠን ብሎ መምጣቱ ነው፣ "የመድኃኒት ምጥ ይከፋል" የሚባለውም ሰውነት ቀስ ብሎ የሚለማመድበት ጊዜ ስለሚያጥር ነው። የህመም ማስታገሻ ከፈለግሽ ቀድመሽ ጠይቂ፣ ጀግንነት አያስፈልግም። አንድ ቀን ከዛም በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ ብዪ ጠጪ ተኚ።

ሊሊ_ሐምራዊ
ቢጫ_ጃንጥላ በሰላም ይገላግልሽ እህቴ። አዋላጇ ቀኔን አስተካክለውልኛል፣ ያልሽው ሆነ፣ ልክ እንዳልሽው አልትራሳውንዱን ያዙ። አሁን 40 ከምናምን ቀን ነኝ። የጡት ጫፍ ነገር ግን ሳይመለስ ቀረ? ደግሞ "ስዊፕ እናድርግልሽ" ብለውኛል፣ ምንድነው እሱ ልፍቀድ?

አዋላጇ
የጡት ጫፍ ሲነካካ ኦክሲቶሲን ይለቀቃል፣ ልጅ ሲጠባ ማህፀን የሚኮማተረውም ለዚህ ነው። ሙከራዎቹ ተደምረው ሲታዩ ከ72 ሰዓት በኋላ ምጥ ያልጀመራቸው ካደረጉት 63 ፐርሰንት ገደማ፣ ካላደረጉት 94 ገደማ ነበሩ። የሠራው ግን ማህፀን በሩ ለተዘጋጀላቸው ብቻ ነው። ደግሞም ማህፀኑን አብዝቶ ሊያኮማትረው ስለሚችል ደም ግፊት ላለባት፣ ልጁ አላደገም ለተባለች፣ ያለፈው በኦፕራሲዮን ለሆነባት፣ እንቅስቃሴ ለቀነሰባት አይሆንም፣ ለቢጫ_ጃንጥላ የጮህኩት በዚህም ጭምር ነው። ጤነኛ ከሆንሽ ሐኪምሽን ጠይቀሽ በአንድ ጊዜ አንዱን ጡት ብቻ እያፈራረቅሽ፣ ቁርጠት ሲመጣ እጅሽን አንሺ።

ስዊፕ ማለት ጓንት ባደረገ ጣት ማህፀን በሩ ውስጥ ገብተን የእንሽርቱን ሽፋን ከማህፀኑ ግድግዳ ላይ በክብ እያዞርን ማላቀቅ ነው። ያን ጊዜ ማህፀኑ ራሱ ፕሮስታግላንዲን ይለቃል። አጭር ነው ግን ያማል፣ አያምም ያለሽ አታምኚ፣ ትንፋሽሽን ረጅም አድርገሽ አስወጪ፣ አቁሙ ስትዪ ማቆም አለባቸው። በኋላ ቁርጠትና ከንፍጥ ጋር የተቀላቀለ ትንሽ ደም ይኖራል፣ እንደ ፔሬድ ከፈሰሰ ግን ተመለሽ። ቁጥሩን ከፈለግሽ፣ ምጥ በራሱ የሚጀምርላቸው ሳይደረግላቸው ከ100 ወደ 60 ሲሆኑ ሲደረግላቸው ወደ 72 ይሆናሉ። ተአምር አይደለም ግን ከአናናስም ከደረጃም ይሻላል። ከመጀመራቸው በፊት "ማህፀን በሬ እንዴት ነው?" በያቸው። ያልተዘጋጀ በር ስትነኪው እንደ አፍንጫ ጫፍ ይጠነክራል፣ የተዘጋጀው እንደ ከንፈር ነው። እኛ ልስላሴውን፣ መክፈቻውን፣ ርዝመቱን፣ አቅጣጫውንና የልጁን ጭንቅላት መውረድ አይተን ነጥብ እንሰጣለን፣ ቢሾፕ ስኮር ይባላል፣ 8ና ከዛ በላይ ከሆነ ምጡ ቢነካካ ይመጣል፣ 6ና ከዛ በታች ከሆነ ግን መጀመሪያ ማለስለስ ነው።

ቢጫ_ጃንጥላ
ወንድ ልጅ። ደህና ነን ሁለታችንም። ባሉኗ ሌሊት ሽንት ቤት ስሄድ ዱብ አለች፣ ልጁ የወጣ መስሎኝ ጮህኩ 😂 ከዛ በኦክሲቶሲን ነው የገፋሁት፣ ያማል ግን ታልፋለች። ውሃው አረንጓዴ ነበር፣ ልጁ ካካ አድርጎበት፣ ዶክተሩ ጥሩ ሰዓት መጣሽ ነው ያለኝ። ሁላችሁም ኑሩልኝ።

እናት_ነኝ_በቃ
እንኳን ማርያም ማረችሽ!! እልልልል

ሊሊ_ሐምራዊ
እንኳን ደስ አለሽ!! እኔም ልንገራችሁ ሴት ልጅ አለችኝ። ስዊፕ ከተደረገልኝ በኋላ በሁለተኛው ቀን ነው። ግን ያን ቀን ቴምር በልቻለሁ፣ ብዙ ተራምጃለሁ፣ አናናስም ቀምሻለሁ፣ እና አሁን ቤት ውስጥ ክርክር ነው፣ እናቴ መራመዱ ነው ትላለች ባለቤቴ ቴምሩ ነው ይላል አክስቴ ደግሞ እሷ መጥታ ስላየችኝ ነው 😄

ቆፍጣናው
እንኳን ደስ ያለሽ። አናናሱ ነው እንዳትዪ ብቻ።

እናት_ነኝ_በቃ
አናናሱ ነው!!

ለምለም_ቅጠል
እንኳን ማርያም ማረቻችሁ። ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ እኔ የመጀመሪያዬን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት፣ አሁን 40 ሞልቶኛል፣ ይሄኛውን በምጥ መውለድ እፈልጋለሁ ሐኪሜም ይቻላል ብሎኛል። ከላይ የተባሉት ለእኔም ይሆናሉ? አንዷ ጎረቤቴ የምጥ ማምጫ ሥር አለኝ ልቀቅልልሽ ብላለች።

አዋላጇ
ለምለም ሥሩን በፍጹም አትጠጪ፣ የጉሎ ዘይቱንም። ያንቺ ማህፀን ጠባሳ አለበት፣ ማህፀን ከመጠን በላይ ሲኮማተር መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ጠባሳው ጋ ነው። ለዚህ ነው እኛም ለሌሎች የምንሰጠውን ሚሶፕሮስቶል የሚባል የምጥ ማስጀመሪያ ላንቺ የማንሰጠው። መራመድ፣ ቴምር፣ እንቅልፍ ምንም አይሉሽም። ስዊፕም ባሉንም ጠባሳ ላላት ሴት የሚደረግበት ጊዜ አለ ግን ፋይልሽን ካየ ሐኪም ጋር ተነጋግረሽ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ባለበት ቦታ ብቻ። ምጥ ሲጀምርሽም ቤት አትቆዪ፣ እንደጀመረሽ ሂጂ፣ በቁርጠቶቹ መሃል የማይለቅ የጠባሳው አካባቢ ህመም ካለ ወይም ደም ካየሽ በመንገድም ቢሆን ደውዪላቸው። ከቀጠሮሽ በፊት ደግሞ በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን የማህፀኑን የቱን ክፍል በምን አቅጣጫ እንደቀደዱ የተጻፈበትን ወረቀት አስወጪ፣ ወደ ላይ የተቀደደ ከሆነ በምጥ መውለድ አይመከርም። የቆዳሽ ጠባሳ አግድም ነው ብለሽ አትተማመኚ፣ የቆዳውና የማህፀኑ ሊለያዩ ይችላሉ።

ለምለም_ቅጠል
ሥሩን እምቢ እላታለሁ። ወረቀቱን ነገ ጠዋት ሄጄ እጠይቃለሁ፣ ካላገኙትስ?

አዋላጇ
ካላገኙት የት፣ መቼ፣ በስንት ሳምንትሽና ለምን እንደተደረገልሽ ጽፈሽ ያዢ፣ ከሱ ተነስተው ብዙውን ጊዜ መገመት ይቻላል። ከወር ያለፈ ቀድሞ የተወለደ ወይም በአግድም የተኛ ልጅ ከነበረ እሱን በተለይ ንገሪያቸው።